«ለቤት የትኛው ጠመንጃ ይሻላል?» ለሚሉን

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንጀምር።

ሰሞኑን በግቢያችን አንድ ክርክር ሰፍኗል። ከዶርም ተነሥቶ ካፌ ይገባል፤ ከካፌ ወጥቶ የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ይቀመጣል። ክርክሩ ስለ ግጥም ቤት አመታት ወይም ስለ ልብ ወለድ አጨራረስ ቢሆን ኖሮ እሰየው ባልን፤ ይህችን የማባዣ ወረቀትም በደስታ በሞላንባት ነበር። ክርክሩ ግን ስለ ጠመንጃ ነው። «ለቤት ጥበቃ የትኛው ይሻላል? ክላሽ ነው? ሽጉጥ ነው? ወይስ የአያቶቻችን ምንሽር?» አንዱ ጥይት ይቆጥራል፣ ሌላው ርቀት ይለካል፣ ሦስተኛው ዋጋ ይጠራል። ሁሉም አዋቂ፣ ሁሉም ተኳሽ!

ነገሩ የወሬ ማሟሻ ብቻ ቢሆን ዝም ባልን። ግን አይደለም። ከብዙዎቻችን ቤት ስልክ ይደወላል፤ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ ምከሩን፤ ዘመኑ ከፍቷል፤ በሬውን ሸጠን አንድ ነገር ቤት ልናስገባ ነው» ይባላል። አባት ይጠይቃል፤ ታላቅ ወንድም ይጠይቃል። መካሪውም ከፊልም ያየውን ከጓደኛ ከሰማው ጋር ቀላቅሎ ይመክራል። በዚያ ምክር ላይ በሬ ተንጠልጥሏል፤ የእናት፣ የእህት፣ የሕፃን ሕይወት ተንጠልጥሏል። ስለዚህ መጻፍ ግድ ሆነብን።

እኛ የምንለው አጭር ነው። ጥያቄው ተገልብጦ የተጠየቀ ጥያቄ ነው። «የትኛው?» ከማለት በፊት «በማን ላይ? የት ያድራል? ቁልፉ በማን እጅ ነው? ባለቤቱ የጠጣ ቀን፣ የተናደደ ቀን፣ ተስፋ የቆረጠ ቀን ምን ይደረጋል?» ማለት ይቀድማል። ይህን ሳይመልስ ጠመንጃ የሚመርጥ ሰው ቤቱን የሚጠብቅለት ዘበኛ የቀጠረ ይመስለዋል እንጂ አልቀጠረም። ጠመንጃ ቤት ውስጥ ሲያድር በየቀኑ የሚያየው የቤቱን ሰው ነው። ሌባውን በዕድሜው አንድ ቀን ሊያየው ይችላል፤ ላያየውም ይችላል።

«ይሄ ስብከት ነው» ትሉን ይሆናል። እሺ፤ ስብከቱን እንተውና እንደ ተከራካሪዎቹ አንድ በአንድ እንምረጥ።

ክላሽ እንበል። ይህች መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1947 የተነደፈችው ለሶቪየት ወታደር ነው። ካዝናዋ 30 ጥይት ይይዛል፤ ጥይቷ 7.62 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላት፤ ከአፈሙዙ ስትወጣ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ትሄዳለች። በሜዳ ላይ፣ በጦር ሰልፍ፣ እስከ 300 ሜትር ድረስ ለመዋጋት የተሠራች ናት። አሁን ደግሞ ቤቱን እንይ። የገጠሩ ቤት እንጨትና ጭቃ ነው፤ የከተማው የቀበሌ ቤት ከጎረቤቱ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ አንዳንዱ ጋ ግድግዳውም ቺፑድ ነው። የክላሽ ጥይት ጭቃና ቺፑድ አያቆማትም። ሌባውን ብትስት ግድግዳውን አትስትም። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ አልጋ አለ፤ አልጋው ላይ የሰው ልጅ ተኝቷል። ከእንቅልፉ የባነነ፣ ልቡ የሚደልቅ፣ በጨለማ የሚደናበር ሰው ይህን ሁሉ ያስባል? እንዴት አድርጎ! ታዲያ ቤት ለመጠበቅ ብለን የጎረቤትን ቤት መብሳት ምን ዓይነት ጥበቃ ነው?

ሽጉጥ እንበል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በየኬላው ተያዘ እየተባለ በዜና የምንሰማው የቱርክ ሽጉጥ ስንቱን ልብ አማልሏል! ትንሽ ናት፣ ትደበቃለች፣ ቤት ውስጥ ለመዞር አታስቸግርም ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን አፈሙዟ ባጠረ ቁጥር ማነጣጠሩ ይከብዳል። ያልሠለጠነ ሰው እጁ እየተንቀጠቀጠ በጥቂት ርምጃም ይስታል። የተመሰገነችበት ትንሽነቷ ደግሞ ዋናው ጉዳቷ ነው። ትራስ ሥር ትገባለች፤ ሕፃን ያነሣታል። መሳቢያ ውስጥ ትገባለች፤ ጎረምሳ ይሰርቃታል። ወገብ ላይ ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ ቤት ጠባቂ የተባለችው ዕቃ ማታ ማታ የምትገኘው መጠጥ ቤት ነው። ቤቱንማ ማን ይጠብቀው?

ምንሽር እንበል። እዚህ ላይ የቋንቋ ተማሪዎች ጆሯችሁን አቅኑ። ውጅግራ የምንለው ከፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» የመጣ ቃል ነው። ለበን ከፈረንሳዩ ለቤል ነው። ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊኸር ነው። ቤልጅግ ስሟ አገሯን ይናገራል። እነዚህን ስሞች አባቶቻችን በአማርኛ አፍ አሽተው፣ አለስልሰው የራሳቸው አደረጓቸው፤ ቃሉ ሲለሰልስ ዕቃውም የለሰለሰ ይመስለናል። አንዱም ግን ጎጆ ለመጠበቅ አልተሠራም። ሁሉም የጦር ትጥቅ ነበሩ፤ በንግድና በስጦታ፣ በጦርነትም ምርኮ ወደ እኛ ማገር ላይ ወጡ። ረጅም ናቸው፤ በጠባብ ቤት ውስጥ ሊያዞሯቸው ቢሉ ከምሰሶ ጋር ይጋጫሉ። አንድ ጥይት ተተኩሶ ሌላው እስኪቀባበል ድረስ ጊዜ ይወስዳል። ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ ግን ያምራሉ! እንግዳ ያያቸዋል፣ ሚዜ ያያቸዋል፣ አማች ያያቸዋል። እንግዲህ እውነቱ እዚህ ላይ ይወጣል። ምንሽር የሚጠብቀው የባለቤቱን ስም ነው። ስም መጠበቅ ክፉ አይደለም፤ ግን ስሙን «ቤት ጥበቃ» ብለን አንጥራው።

ይህ ክርክር የኛ ብቻ አለመሆኑንም እንወቅ። «ለቤት የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ዋና አገሩ አሜሪካ ነው። እዚያ ሱቁ አለ፣ መጽሔቱ አለ፣ ሻጩ አለ፤ «ሽጉጥ፣ የአደን ጠመንጃ ወይስ ረጅም መሣሪያ?» እያሉ ዓመቱን ሙሉ ይከራከራሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የስዊዘርላንድ ጥናት በአሜሪካ ሲቪሎች እጅ 393 ሚሊዮን ያህል ጠመንጃ እንዳለ ገምቷል፤ ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዋሽንግተን ከተማ በመጣ ጉዳይ ላይ፣ 5 ዳኞች በ4 ላይ በልጠው፣ ሰው ራሱን ለመከላከል ቤቱ ውስጥ ሽጉጥ ማስቀመጥ መብቱ ነው ሲሉ ፈረዱ። በዚያው በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ዘመዶቻችንም ያው ጥያቄ ቤታቸው ድረስ ይመጣል። ሌሊት ሱቅ የሚጠብቅ፣ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም።

እንግዲያው ጠመንጃ ቤት የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ የሚታየው እዚያ አገር ነበር። እዚያ ደግሞ ቆጥረውታል። ሲያትል ከተማ ባለችበት አውራጃ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1983 ድረስ መሣሪያ በተቀመጠባቸው ቤቶች ውስጥ በጥይት የሞተውን ሰው ቆጠሩ፤ ውጤቱን በ1986 አሳተሙት። 398 ሰው ሞቷል። ከነዚህ ውስጥ 333ቱ በገዛ እጃቸው የጠፉ ናቸው። 41ዱ በወንጀል የተገደሉ ናቸው። 12ቱ በስሕተት በባረቀ ጥይት የሞቱ ናቸው። ራስን ለመከላከል በተተኮሰ ጥይት የሞተው ስንት ነው? 9 ሰው! ከዘጠኙም ውስጥ ሰብሮ ሊገባ ሲል የተመታው 2 ብቻ ነው። 398 ሬሣ፣ 2 ሌባ። ይህን ሂሳብ የሚያውቅ ነጋዴ እንዲህ ያለ ዕቃ ገዝቶ መደብሩ ያስገባል?

«መሣሪያውን አይቶ የሸሸው ሌባ በሬሣ አይቆጠርም» የሚል ወንድም አይጠፋም። ጥሩ ክርክር ነው፤ እንቀበለዋለን። ለዚህም ነው ሌላ ዓይነት ጥናት የምናመጣው። እ.ኤ.አ. በ2022 በካሊፎርኒያ ከ17 ሚሊዮን በላይ ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ወጣ። የተከታተለውም ባለመሣሪያውን ሳይሆን፣ ራሳቸው ሽጉጥ ሳይኖራቸው ከባለሽጉጥ ጋር አንድ ቤት የሚኖሩትን ነው። እነዚህን መሣሪያ ከሌለበት ቤት ከሚኖሩ ጎረቤቶቻቸው ጋር አስተያየ። ከባለሽጉጥ ጋር የሚኖረው ሰው በሰው እጅ የመገደል ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በባል ወይም በወዳጅ ጥይት ቤት ውስጥ የመገደሉ ዕድል ደግሞ 7 እጥፍ ያህል ሆነ፤ እንዲህ ከሞቱት መቶ ሰው ውስጥ 84ቱ ሴቶች ናቸው። ከባዕድ ገዳይስ ጠበቃቸው? አልጠበቃቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጠይቅ። በዶርሙና በካፌው ክርክር ውስጥ የሴት ድምፅ ለምን አይሰማም? ቤት ውስጥ ውሎ የሚያድረው ማን ነው? ጠመንጃው ከተሰቀለበት ማገር ሥር እንጀራ የምትጋግረው ማን ናት? ስለ ቤት ጥበቃ የሚመክረው ሁሉ ከቤት ውጭ የሚውል ወንድ ነው። እናትን ማንም አልጠየቃትም። እስቲ ዛሬ ማታ ደውላችሁ ጠይቋት፤ «እማዬ፣ ማታ ማታ የሚያስፈራሽ ምንድን ነው?» በሏት። መልሱ ሌባ ሊሆን ይችላል። አምሽቶ፣ ሰክሮ የሚገባው የቤቱ ሰውም ሊሆን ይችላል።

«አሜሪካ ሌላ፣ እኛ ሌላ!» ይሉናል። ልክ ናቸው፤ ቁጥሩን እንደ ችግኝ ነቅለን አምጥተን እዚህ አንተክለውም። ቤቱ ሌላ ነው፣ ፖሊሱ ሌላ ነው፣ ሌባውም ሌላ ነው። ንዴት ግን ሌላ ነው? ስካር ሌላ ነው? ተስፋ መቁረጥስ ፓስፖርት ይጠይቃል? የኛን አገር ነገር እናውቀዋለን። በአንድ ክንድ የድንበር መሬት ወንድማማቾች ይጣላሉ፤ ዱላ ቢኖር በዱላ ይፈነካከታሉ፤ ሽማግሌ ይገባል፣ ቁስሉ ይጠግጋል፣ ክረምቱ ሳያልፍ ደቦ ይጠራራሉ። ጠመንጃ ሲኖር ግን አንዱ ይሞታል፤ ከዚያ ደም ይመለሳል፤ ደሙ ሌላ ደም ይጠራል፤ የገዳይ ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ይሰደዳል። ጠቡ ያው የአንድ ክንድ መሬት ጠብ ነው። የሰፈሩን ቤት ሁሉ ያፈረሰው እጅ ላይ የተገኘው ዕቃ ነው። ሠርግና ለቅሶስ? ወደ ሰማይ የተተኮሰች ጥይት ሰማይ ላይ አትቀርም፤ ተመልሳ በሰው አናት ላይ ትወርዳለች። ስንት እልልታ በእንዲህ ያለ ጥይት ወደ እሪታ ተለወጠ!

ስለ 333ቱም ሳንናገር አናልፍም፤ ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር እሱ ነውና። በኛ ዕድሜ ያለ ሰው ፈተና ይወድቃል፣ ፍቅር ያጣል፣ ሥራ ያጣል፤ አንድ ሌሊት ዓለም ሁሉ የጨለመ ይመስለዋል። ያ ሌሊት ያልፋል። ማለፉን የምናውቀው ብዙዎች ካለፉበት በኋላ ትዳር ይዘው፣ ልጅ ወልደው፣ ስቀው ሲኖሩ ስላየን ነው። ሰው ከዚያ ሌሊት የሚተርፈው ለምክር፣ ለጓደኛ፣ ለጸሎትና ለሐኪም ጊዜ ሲያገኝ ነው። ጠመንጃ ይህን ጊዜ ይነጥቃል። ከቤቱ ሰው አንዱ አንገቱን ደፍቶ፣ ዝም ብሎ፣ ምግብ ትቶ ሲሰነብት ቤተሰቡ ማድረግ ያለበት የመጀመሪያው ነገር አጠገቡ መቀመጥ ነው፤ ሁለተኛው መሣሪያውን ከቤት ማውጣት ነው። ለጓደኛችሁም እንዲሁ አድርጉ፤ ብቻውን አትተዉት።

በስሕተት ስለሚገደለው እንግዳም አንድ ታሪክ እናውሳ። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ በሉዊዚያና ግዛት አንድ የ16 ዓመት ጃፓናዊ ተማሪ ለግብዣ ሲሄድ ቤት ተሳሳተና የማያውቀውን ሰው በር መታ። ባለቤቱ ቤቱ ውስጥ ያስቀመጠውን ሽጉጥ ይዞ ወጣ፤ እንዳትነቃነቅ አለው። ልጁ እንግሊዝኛው አልገባውም፤ ወደሱ ተራመደ። ተኮሰበት፤ ገደለው። ወንጀሉን ያየው ፍርድ ቤት በዓመቱ ሰውየውን በነጻ ለቀቀው። በሕጉ ነጻ ወጣ እንበል፤ ልጁ ግን ሌባ አልነበረም። ተማሪ ነበር፤ እንደ እኛ። ለኛ አገር ይህ ታሪክ ምን ይነግረዋል? «የእግዜር እንግዳ» ብሎ በር ማንኳኳት ባህል የሆነበት አገር፣ ከየበሩ ጀርባ የተቀባበለ መሣሪያ ካስቀመጠ፣ የመሸበት መንገደኛ ወዴት ሊገባ ነው?

አሁን ወደ ዋናው መከራከሪያ እንምጣ። «አድዋስ?» ይሉናል። «ጠመንጃ ባይኖር አገር ትኖር ነበር?» አትኖርም ነበር። ግን አድዋን እንደሆነው እናስታውሰው። በ1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲነገር ጠመንጃው ከየቤቱ ወጣ፤ ተሰበሰበ፣ ተሰለፈ፣ አንድ ትእዛዝ ተቀበለ፣ አንድ ጠላት ገጠመ። አድዋ የሚያስተምረው የመሰብሰብን ነገር ነው። በርን ዘግቶ፣ ጎረቤትን እየጠረጠሩ፣ ለየራስ ጥይት ማከማቸትን ከአድዋ ጋር ምን አገናኘው? የአባቶችን ስም ለዚህ መጥራት ስሙን ማርከስ ነው።

«ጥበቃ» የሚለው ቃልም ብቻውን ጠመንጃን እንደማያነጻው ታሪካችን ያውቃል። በ1969 ዓ.ም. መሣሪያ በየቀበሌው የታደለው «አብዮት ጥበቃ» ለሚባል ክፍል ነበር። የሰፈር ሰው ሰፈሩን እንዲጠብቅ ተባለ። በዚያው ዓመትና በተከታዩ ዓመት ያ መሣሪያ የሰፈሩን ልጅ ከእናቱ ጓዳ አውጥቶ ገደለ። ገዳይና ሟች አንድ ጠላ ቤት የሚያውቁ፣ አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ነበሩ። በዚያ ዘመን ከወዲያም ከወዲህም፣ ነጭ ሽብር ቀይ ሽብር ተብሎ፣ በከተማ ውስጥ የተተኮሰው ጥይት ስንቱን እንደ እኛ ያለ ተማሪ በላ። የሰማዕታቱ መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ተከፍቷል፤ ያላያችሁ ሄዳችሁ እዩ። በግድግዳው ላይ ያሉት ፊቶች የኛ ዕድሜ ፊቶች ናቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «ሕግ በሌለበትስ?» የሚለው ነው። ይህን ለማንኳሰስ አንደፍርም። በሰሜኑ ጦርነት ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም.፣ ከዚያም ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት፣ ስንት ቤት በሩን የሚከፍተው እየፈራ ሆነ። እገታ የሚባል ንግድ ተፈጥሮ ሰው እንደ ከብት በገንዘብ ሲደራደሩበት ሰማን። እንዲህ ያለውን ገበሬ እዚህ ግቢ ውስጥ፣ ዘበኛ በሚጠብቀው ዶርም ተኝተን «ተው አትፍራ» ብንለው ውርደታችን ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው።

ፍርሃቱ እውነተኛ ስለሆነ ነው መድኃኒቱ የውሸት መሆን የሌለበት። አሥር ሆነው፣ ታጥቀው ለመጡ ሰዎች በአንድ ቤት ያለ አንድ ጠመንጃ ምን ያደርጋል? እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚመጡት ለጠመንጃው ነው! ታጣቂው «መሣሪያ አለህ፤ አምጣ» ብሎ ይመጣል፤ ፈታሹም «መሣሪያ አለህ፤ አምጣ» ብሎ ይመጣል። እንዲህ ባለ ዘመን ጠመንጃ ያለበት ቤት በሌሊት የሚንኳኳ ቤት ነው። በሬው ደግሞ ተሸጧል፤ መሬቱ ጦም ያድራል። ከዚያ በኋላ ቤቱን የሚያጠቃው ረሃብ ይሆናል፤ ረሃብን ደግሞ በክላሽ አይመልሱትም።

ሕጉንም እንወቅ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይቻል፣ መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት ይላል። ዶሮ ሰርቆ የሚሸሽን ሌባ ከኋላው የመታ ሰው በዚህ አንቀጽ ሥር ሊጠለል አይችልም። መጠኑን ላለፈ ደግሞ አንቀጽ 79 አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ወንጀል አድርጎታል። በሬ ሸጦ በስውር የተገዛ መሣሪያ ባለቤቱን ለመክሰስ የሚበቃ ማስረጃ ነው፤ ሌሊት የመጣው ሌባ ቢያመልጥ ባለቤቱ ግን አያመልጥም።

«እና ምን እናድርግ? እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?» አትቀመጡ። ከቤት ሲደወል የሚሰጥ ምክር አለ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ እሱን እንጀምርበት። በሩ ይጠንክር፤ መቀርቀሪያው ከውስጥ ይሁን። ደጁ ላይ መብራት ይኑር፤ መብራት በሌለበት የእጅ ባትሪ አይጥፋ። ውሻ ይኑር፤ ውሻ ይጮኻል፣ ሰው ሳይገድል ያባንናል። የጎረቤት ሁሉ ስልክ ቁጥር ቤት ውስጥ ይጻፍ። እሪ ሲባል ማን ከየት እንደሚወጣ፣ ማን የቱን መንገድ እንደሚዘጋ ቀን ላይ ይነገር፤ ሌሊት ላይ አይመከርምና። ሮንድ ተራ ይውጣለት። እድሩ ለቀብር ብቻ ለምን ይሰበሰባል? ሰው ከመሞቱ በፊትም ይሰብሰብ እንጂ! የድንበር ጠብ ያለበት ቤት በሽማግሌ ፊት አስጨርሶ በጽሑፍ ይያዝ፤ ብዙው «የሌሊት ጠላት» የቀን ባለጋራ ነውና። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለጌጥ አይደለም።

ጠመንጃው አስቀድሞ ቤት ገብቶ ከሆነስ? እውነት እንነጋገር፤ በብዙ ቤት ገብቷል። ያም ቢሆን ምክር አለው። በፈቃድ ይያዝ። ጥይቱ ለብቻ፣ መሣሪያው ለብቻ፣ ሁለቱም ተቆልፈው ይቀመጡ። ተቀባብሎ አይደር። ቁልፉ ከቤቱ ሰው ሁሉ ይበልጥ ረጋ ባለው እጅ ይሁን፤ ብዙ ጊዜ ይህ ሰው እናት ናት። መጠጥ ባለበት ቀን አይነካ። ጠብ በተነሣ፣ ሐዘን በገባ፣ አንድ ሰው በከፋው ጊዜ መሣሪያው ለሚታመን ሽማግሌ ወይም ለሕግ አካል በአደራ ይሰጥ። ይህን «አላደርግም፤ ያዋርደኛል» የሚል ሰው መሣሪያውን ለቤት እንዳልያዘው በአፉ መሰከረ።

በመጨረሻ ወደ ሥራችን እንመለስ፤ እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ነን ባዮች ነንና። ሽለላው፣ ፉከራው፣ ቀረርቶው ጠመንጃን እንደ ሙሽራ ሲያሞግስ ኖሯል፤ ያም የራሱ ዘመን፣ የራሱ ሜዳ ነበረው። ዛሬ ግን በዶርም አልጋ ላይ ጋደም ብሎ፣ ባሩድ በአፍንጫው ሳይሸተው፣ ስለ አፈሙዝ ውበት ስንኝ የሚቋጥረው ባለቅኔ ማንን እያታለለ ነው? ስንኙ ያምራል፤ ከዚያ ስንኙ ስልክ ይሆናል፤ ስልኩ በሬ ያሸጣል። ቃል ዋጋ የለውም ያለው ማን ነው? ሌሊት ተነሥታ የባሏን ጥይት እህል ጎተራ ውስጥ የደበቀች እናት ቀረርቶ ያጣችው ለምንድን ነው? ጎረምሳ ልጁን «አልሰጥህም» ብሎ ቁልፉን በአንገቱ ያሰረ አባትስ ጀግና አይባልም? ይህን ጀግንነት የሚጽፍ ብዕር አጥተን ነው?

እኛ የምናምንበትን ተናግረናል። አንስማማም የምትሉ ጓደኞቻችን፣ ገጹ ክፍት ነው፤ በሚቀጥለው እትም መልሱልን። ስትመልሱ ግን የካዝናውን ልክና የጥይቱን ርቀት አትንገሩን፤ እሱን ሻጩም ይነግረናል። በምታውቁት ሰፈር፣ በምታውቁት ቤት ያለውን ጠመንጃ አስቡና አንድ ጥያቄ ብቻ መልሱልን፦ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ማንን ጠበቀ? ማንንስ ገደለ?